ማኅሌቱ እያለ ኦርጋን ለምን?

ይህ ጽሑፍ ለአንድ ወዳጄ የምሰጠው ምላሽ ነው፡፡ ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስንወጣ ካዛንቺስ ውስጥ ካልፈረሱት ሻይ ቤቶች በአንዷ ተቀምጠን እስኪመሽ ተከራከርን፤ አልተግባባንም፡፡ ቀን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና ማታ ማታ አንደበቴ አይፈታም፡፡ በጽሑፍ ይሻለኛል፡፡

ወዳጄ የሚለው እንዲህ ነው፡፡ ካቶሊካውያኑ ከቅዳሴ በፊት በኦርጋን የሚያሰሙት መግቢያ አላቸው፤ መሠረቱም የጥንቱ የግሪጎርዮስ ዜማ ነው፡፡ ፈረንሳዊው ሻርል ቱርነሚር እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1932 ለዓመቱ ሰንበታትና በዓላት የሚሆኑ 51 ተከታታይ ድርሰቶችን ከዚሁ ዜማ እየቀዳ ለኦርጋን ጽፏል፡፡ «እኛስ ቅዱስ ያሬድን ይዘን፣ ምእመኑ ሲገባ በዕዝል ወይም በአራራይ ላይ የተመሠረተ የኦርጋን መግቢያ ቢቀበለው ምን እንጎዳለን?» ይላል፡፡

ሐሳቡ ውብ ነው፤ ውበቱን አልክድም፡፡ ቱርነሚርን በሰማሁበት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፡፡

ደግሞም ከመሣሪያው ጋር ጠብ የለኝም፡፡ በልጅነቴ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ እኛ ኦርጋን ብለን የምንጠራትን ትንሽ ኪቦርድ እየነካካሁ መዝሙር አጅቤአለሁ፡፡ አንድ ቀን በሰፈራችን የነበሩ የድጓ መምህር አጠገቤ ቆመው አንዲት ሐረግ አዜሙና «በል ይህችን አውጣት» አሉኝ፡፡ ሞከርሁ፡፡ ርክርኩ በሁለት ጥርሶች መካከል ተሰነጠቀ፤ ሂደቱ መንሸራተቱን ትቶ እንደ ፌንጣ ዘለለ፡፡ የኔታ ሳቁና፣ «ልጄ፣ ይህ ዕቃ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል እንጂ አይፈስም» አሉኝ፡፡ ያን ዕለት የተሰማኝ እፍረት አሁንም ጣቶቼ ላይ አለ፡፡

ነገር ግን ክርክሬን በዚህ ላይ አላቆምም፤ የግሪጎርዮስም ዜማ ወደ ኦርጋን ሲገባ ብዙ ነገሩን ጥሎ ነው የገባው፡፡ «ባዕድ ነው» በሚለውም አልጸናም፡፡ እ.ኤ.አ. በ757 ለፍራንኮች ንጉሥ ለፒፒን ኦርጋን በስጦታ የላከው የቢዛንታይኑ ቆስጠንጢኖስ 5ኛ ነበር፤ ኦርጋኑ ለምዕራቡም እንግዳ ነበር ማለት ነው፡፡ ላኪዎቹ ግሪኮች የቤተ መንግሥት ጌጥ አድርገው ያዙት እንጂ ወደ ቅዳሴያቸው አላስገቡትም፡፡ ኦርጋንን በባዕድነቱ የሚያወግዙ ወገኖቻችን ውግዘታቸውን የሚያሰሙን በምን እንደሆነ ይጠየቁ፤ የድምፅ ማጉያውን ያሬድ ከአክሱም ይዞት አልመጣም፡፡

የእኔ ነጥብ ሌላ ነው፡፡ ወዳጄ መግቢያ እንደሌለን አድርጎ ይናገራል፡፡ አለን እኮ! በበዓል ሌሊት ከቅዳሴ በፊት ሊቃውንቱ የሚቆሙት ማኅሌት ምንድን ነው? ከቁም ዜማ ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት እያለ፣ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ንጋት የሚያደርሰን ምንድን ነው? ቱርነሚር ይህን ቢሰማ ኖሮ ኦርጋኑን ዘግቶ ከጥግ ይቆም ነበር ብዬ አስባለሁ (የገጣሚ ግነት ከሆነ ይቅር በሉኝ)፡፡ መግቢያውማ አለ፤ የጠፋው ገቢው ነው፡፡

ባለፈው ሐምሌ 19 ሌሊት በአጥቢያዬ ማኅሌት ቆሜ ነበር፡፡ መቁጠር ልማዴ ነውና ቆጠርሁ፤ ከአገልጋዮቹ ሌላ አሥራ አንድ ነበርን፡፡ ሲነጋ ግቢው ሞልቶ ሰው እስከ በሩ ተርፏል፡፡ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ስንቱ ጎረቤታችን ወደ ከተማዋ ዳር እንደሄደ አውቃለሁ፤ በዚያ ሰዓት ከዚያ ድረስ ምን ታክሲ ይገኛል? እነርሱን አልወቅስም፡፡ የምወቅሰው አሁንም በእግር የሚደርሰውን ሰው ነው፡፡ ያ ሰው ወዳጄ ነው፤ ከዓመት በፊት እኔም ነበርሁ፡፡

የቱርነሚር ሥራ ትርጉም የሚሰጠው ዜማው በአድማጩ ጆሮ አስቀድሞ ሲኖር ነው፡፡ ኦርጋኑ ዜማውን በጥቂቱ ያሳስባል፤ የቀረውን ጆሮ ይሞላል፡፡ በዚያው በካቶሊኩ ዓለም እንኳ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ እ.ኤ.አ. በ1903 ባወጡት የሙዚቃ ሥርዓት፣ መዝሙሩን በረጅም የኦርጋን መግቢያ ማስቀደም ከልክለዋል፡፡ ኦርጋኑ ሎሌ ነው፤ ጌታው ዜማው ነው፡፡ ድጓውን ሰምቶ ለማያውቅ ጆሮ ከድጓ የተቀዳ መግቢያ ማሰማት ግን ቅኔው ሳይዘረፍ ወርቁን መፍታት ነው፡፡ ምእመኑ «ደስ ይላል» ብሎ ያልፋል፡፡ ደስ የሚል ድምፅማ በየሆቴሉ መተላለፊያ ሞልቷል፡፡

ወዳጄ የመጨረሻ ጥይት አድርጎ የተኮሰብኝ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ነው፡፡ «እርሳቸውስ መነኩሲት ሆነው ፒያኖና ኦርጋን አልተጫወቱም?» አለኝ፡፡ ተጫውተዋል፤ አንዱን ሥራቸውንም በማኅሌት ስም ጠርተውታል፡፡ ግን በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ያረፉት እኒህ እናት ከየት እንደጀመሩ ተመልከት፡፡ በግሸን ማርያም ዓመታትን በባዶ እግራቸው አሳልፈዋል፤ ጎንደር ወርደው የያሬድን ዜማ ተምረዋል፡፡ እዚያም የቆሎ ተማሪዎች እየለመኑ፣ ሌሊት በቤተ ክርስቲያን በር ላይ እየተኙ ሲማሩ አይተው፣ ገንዘብ ስላልነበራቸው በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ቆረጡ፡፡ ፒያኖው ዜማውን ለሚማረው ልጅ እንጀራ ሊያመጣ ወጣ እንጂ የልጁን ቦታ ሊይዝ ወደ ቅኔ ማኅሌት አልገባም፡፡ አንተ ለአንድ ኦርጋን መግዣ እናዋጣ ትለኛለህ፡፡ ሒሳብ ሥራዬ ነውና ልንገርህ፤ በዚያ ብር ስንት ተማሪ ቀለብ አግኝቶ ድጓውን እንደሚዘልቅ አስላውና ከዚያ እንነጋገር፡፡

እስከዚያው አንድ ቀጠሮ እንያዝ፡፡ ጥር 22 የቅዱስ ዑራኤል በዓል ነው፡፡ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በዑራኤል በር እጠብቅሃለሁ፡፡ መቋሚያ ከአጎቴ ተውሼልሃለሁ፤ ብርድ ስላለ ጋቢህን ደርበህ ና፡፡