አሮጌው ኮምፒውተር ራውተር ሲሆን

ራውተር ኮምፒውተር ነው። ፕሮሰሰር አለው፣ ሚሞሪ አለው፣ ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ማከማቻ አለው፤ በብዙዎቹ የቤት ራውተሮች ውስጥ የሚሠራውም ሊኑክስ ነው። የሌለው ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ጤነኛ የሆነ ማንኛውም የቤት ኮምፒውተር ተገቢው ሶፍትዌር ከተጫነበትና ሁለት የኔትወርክ መሰኪያ ካገኘ የራውተርን ሥራ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም ከመስመሩ ጋር አብሮ ከሚሰጠው ርካሽ ሳጥን የተሻለ አድርጎ ይሠራዋል።

ያ ሳጥን በውስጡ የተለያዩ ሥራዎችን ይዟል። ሞደሙ በስልክ ሽቦ፣ በፋይበር ወይም በአየር የሚመጣውን ምልክት ወደ ዳታ ይለውጣል። ራውተሩ የቤቱን ስልኮችና ኮምፒውተሮች ከውጭው ኔትወርክ ጋር ያገናኛል። ፋየርዎሉ የትኛው ይግባ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን ይወስናል። ዋይፋይ ደግሞ ራሱን የቻለ አራተኛ ሥራ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ወደ ኮምፒውተሩ ይዛወር፣ የትኛው በነበረበት ይቅር የሚለው ጥያቄ ቀድሞ መመለስ አለበት።

ኮምፒውተርን ራውተር ለማድረግ መንገዱ የተጠረገው ከ20 ዓመት በፊት ነው (እዚህ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሊንክሲስ የተባለው ኩባንያ በ2002 መጨረሻ ያወጣው ደብሊውአርቲ 54ጂ የተባለ ራውተር በሊኑክስ እንደሚሠራ ተጠቃሚዎች ደረሱበት። ሊኑክስ የሚሠራጭበት ፈቃድ ፕሮግራሙን አሻሽሎ የሚያከፋፍል ሁሉ ኮዱንም እንዲሰጥ ያስገድዳል። በ2003 ኮዱ ይፋ ሆነ፤ ከእሱ በመነሳትም በ2004 ኦፕን ደብሊውአርቲ የተባለው የራውተር ሶፍትዌር ተጀመረ። በዚያው ሰሞን፣ በ2003፣ ማኑኤል ካስፐር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ተራ ኮምፒውተርን ወደ ፋየርዎል የሚለውጠውን ሞኖዎልን አወጣ። ከሞኖዎል በ2004 ፒኤፍሴንስ ተገነጠለ፣ ከፒኤፍሴንስ ደግሞ በ2015 ኦፕንሴንስ። ካስፐር በ2015 ሥራውን ሲያቆም ተጠቃሚዎቹ ወደ ኦፕንሴንስ እንዲሄዱ መክሯል። ዛሬ ሦስቱንም፣ ማለትም ኦፕን ደብሊውአርቲን፣ ፒኤፍሴንስንና ኦፕንሴንስን፣ ያለ ክፍያ አውርዶ መጫን ይቻላል።

ይህን ሁሉ ለመድከም ዋናው ምክንያት አፕዴት ነው። ርካሽ ራውተር ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ አምራቹ ጥቂት ዓመት አፕዴት ያወጣለት ይሆናል፤ ከዚያ ይረሳዋል። ሳጥኑ ግን የታወቀ ቀዳዳውን እንደያዘ ለብዙ ዓመት መደርደሪያ ላይ መሥራቱን ይቀጥላል። ውጤቱ በ2016 ታይቷል። ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም የተራቀቀ ዘዴ አላስፈለገውም። ከፋብሪካ እንደመጡ ያልተቀየሩ 60 ያህል የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጥንዶችን እየሞከረ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ያዘ። ኦክቶበር 21 ቀን 2016 በእነዚሁ መሣሪያዎች ዳይን በተባለው፣ የገጾችን ስም ወደ ቁጥር የመተርጎም (ዲኤንኤስ) አገልግሎት በሚሰጥ ኩባንያ ላይ በተከፈተ ጥቃት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለብዙ ሰዓት አልከፈት አሉ። በቀጣዩ ወር የዚሁ ፕሮግራም ዝርያ ወደ 900,000 የሚጠጉ የዶይቼ ቴሌኮም ደንበኞችን መስመር አወከ። በ2018 ደግሞ ቪፒኤንፊልተር የተባለው ቢያንስ በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎችን ይዞ ተገኘ። የተያዙት ራውተሮች ባለቤቶች አብዛኞቹ ምንም አልታወቃቸውም፤ ኢንተርኔታቸው እንደወትሮው ይሠራ ነበርና። በኮምፒውተር ላይ የተጫነ ራውተር ሶፍትዌር ከእቃው ዕድሜ ጋር አይታሰርም። ኮምፒውተሩ የ10 ዓመት ቢሆንም አፕዴቱ የዘንድሮ ነው።

ሞደሙ ግን በነበረበት ቢቀር ይሻላል። በስልክ መስመር ደውሎ መግባት በነበረበት ዘመን ሞደም ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሰካ ካርድ ሊሆን ይችል ነበር። ፋይበር ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ የብርሃኑን ምልክት የሚቀበለው ሳጥን በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ የተመዘገበ ስለሆነ በሌላ መተካት ቀላል አይደለም፤ መተካቱም የሚያስገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። ጥሩው ዘዴ ሞደሙን ብሪጅ ማድረግ ነው። ያኔ ምልክቱን ብቻ ይለውጣል፣ የቀረውን ለኮምፒውተሩ ይተዋል። የኤዲኤስኤልና የአንዳንድ ፋይበር መስመሮች ፒፒፒኦኢ በሚባለው አሠራር ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃሉ፤ ብሪጅ ከተደረገ በኋላ እነዚህ የሚገቡት ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ፒፒፒኦኢ ከእያንዳንዱ 1500 ባይት ፓኬት 8 ባይት ስለሚወስድ የፓኬቱ መጠን 1492 መሆን አለበት። ይህ ከተዘነጋ አንዳንድ ገጾች ሲከፈቱ ሌሎቹ ግማሽ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ መንስኤውን ላላወቀ ሰው አድካሚ ብልሽት ነው።

ሞደሙ ብሪጅ መሆን ካልቻለ ኮምፒውተሩ ከኋላው ሆኖ ሁለተኛ ራውተር ይሆናል። ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ይህም ይበቃል። ሁለቱ ግን ተመሳሳይ የአድራሻ ክልል መጠቀም የለባቸውም። ሞደሙ 192.168.1.1 ከሆነ የቤቱ ኔትወርክ ለምሳሌ 10.10.10.1 ይሁን፤ ካልሆነ ኮምፒውተሩ ውስጥንና ውጭን መለየት ያቅተዋል።

ወደ ራውተሩ ሥራ ሲመጣ ከሁለቱ የኔትወርክ ካርዶች አንዱ ወደ ሞደሙ፣ ሌላው ወደ ቤቱ ስዊች ይሄዳል። በ32 ቢት የሚጻፈው የቆየው የአይፒ አድራሻ ከ4.3 ቢሊዮን አይበልጥም፤ ማዕከላዊው ክምችትም በ2011 አልቋል። ስለዚህ አንድ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው አንድ የውጭ አድራሻ ነው። ነገሩ መሥሪያ ቤት በአንድ የፖስታ ሳጥን ቁጥር እንደሚጻጻፈው ነው፤ ደብዳቤው ሁሉ በዚያ ቁጥር ይመጣል፣ ለየሠራተኛው የሚያድለው መዝገብ ያዡ ነው። ራውተሩም ማን ምን እንደጠየቀ መዝግቦ መልሱን ለጠየቀው መሣሪያ ያደርሳል። ለየመሣሪያው የውስጥ አድራሻ ማደልና የገጾችን ስም ወደ ቁጥር መተርጎምም የእሱ ሥራ ነው። ሁለተኛውን አገልግሎት ራሱ ኮምፒውተሩ ሲሰጥ የታወቁ የማስታወቂያና የማጭበርበሪያ ገጾችን ለመላው ቤት በአንድ ጊዜ መዝጋት ይቻላል። በጥቅል ዳታ ለሚጠቀም ቤት ይህ ብቻውን ድካሙን ይክሳል።

የፋየርዎሉ ሕግ አጭር ነው። ከውስጥ የተጀመረ ግንኙነት መልሱ ይገባል፤ ከውጭ የሚጀመር ሁሉ ይዘጋል። ኦፕንሴንስና ፒኤፍሴንስ ሲጫኑ ጀምሮ ይህን ያደርጋሉ፤ ጀማሪ ይህን ባይነካው ይሻለዋል። አደጋው የሚመጣው ቀዳዳ ሲበጅለት ነው። የደህንነት ካሜራ ሲተከል ባለሙያው «ከስልክ እንዲታይ» ብሎ ፖርት ይከፍታል፤ በዚያች ፖርት የቤተሰቡ ስልክ ብቻ ሳይሆን ዓለም ሁሉ ካሜራውን ያንኳኳል። ሚራይን የቀለበው ይህን የመሰለ ለውጭ ክፍት የሆነ መሣሪያ ነው። ውጭ አገር ያለ ልጅ የወላጆቹን ግቢ ማየት ከፈለገ ትክክለኛው መንገድ ቪፒኤን ነው። ከ2020 ጀምሮ ከሊኑክስ ጋር የተዋሃደው ዋየርጋርድ በቤቱ ራውተር ላይ ይጫናል፣ ስልኩ በተመሰጠረ መስመር ወደ ቤት ይገባል፣ ካሜራው ለሌላ ለማንም አይታይም። አገልግሎት ሰጪው አንድን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች የሚያጋራ ከሆነ፣ በሞባይል ኢንተርኔት እንደተለመደው፣ ከውጭ ወደ ቤት ቀጥታ መግባት ስለማይቻል የራስ የውጭ አድራሻ መጠየቅ ያስፈልጋል። ካሜራዎችንና የእንግዳ ስልኮችን ከቤቱ ኮምፒውተሮች ለይቶ በተለየ ኔትወርክ ማስቀመጥም ሌላው ትልቅ ጥቅም ነው፤ አንዱ ቢያዝ ሌላውን አይነካም። ፋየርዎል የማይችለውም አለ። በሐሰተኛ መልእክት ተታልሎ የይለፍ ቃሉን የሰጠን ሰው፣ በፍላሽ የገባን ቫይረስ አያስቆምም።

አንዱ ቪዲዮ ሲልክ የሌላው የስልክ ጥሪ የሚቆራረጥበት ቤት ብዙ ነው። ጥፋቱ ሁልጊዜ የመስመሩ መቅጠን አይደለም። ሞደሙ መላክ ያልቻለውን ፓኬት ሰፊ ሚሞሪ ውስጥ ያሰልፋል፤ የጥሪው ትንሽ ፓኬት ከቪዲዮው ክምር ኋላ ተራ ሲጠብቅ ሰከንድ ያልፋል። ጂም ጌቲስ የተባለ ባለሙያ በ2010 መጨረሻ ችግሩን በሰፊው አሳወቀ፤ በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን የተባሉ ባለሙያዎች ኮድል የተባለውን መፍትሔ አቀረቡ። በእሱ ላይ የተመሠረተው ኤፍኪው ኮድል በዚያው ዓመት፣ ኬክ የተባለው ደግሞ በ2018 ሊኑክስ ውስጥ ገቡ። ሁለቱም ወረፋውን በየግንኙነቱ ይከፋፍላሉ፣ ሲረዝምም ያሳጥሩታል። እንዲሠሩ ግን ወረፋው ከሞደሙ ወደ ኮምፒውተሩ መምጣት አለበት። የመስመሩ ፍጥነት ተለክቶ 10 ሜጋቢት ከሆነ ራውተሩ ላይ 9 ተብሎ ይሞላል። ከፍጥነቱ ጥቂት ይቀነሳል፣ ጥሪው ግን ይጠራል። አንድ መስመር ለብዙ ተከራይ በሚከፋፈልበት ግቢ ከዚህ የበለጠ ጥቅም ያለው ማስተካከያ የለም፤ ከመስመሩ ጋር የሚመጡት አብዛኞቹ ሳጥኖች ግን ይህን አያደርጉም።

ራውተር የሆነው ኮምፒውተር ለጽሑፍ፣ ለፊልምና ለጨዋታም ያገልግል? አይሆንም። በ1999 የወጣው የዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም ኢንተርኔትን ለሌሎች የማጋራት አገልግሎት ይዞ ስለመጣ አንድ ኮምፒውተር ሁለቱንም ሥራ መሥራቱ የተለመደ ነበር። አንድ ሰው ሲያጠፋው ግን ቤቱ ሁሉ ይቋረጣል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የተጠቃሚው የተሳሳተ ክሊክ ቫይረሱን በቀጥታ በሩ ላይ ማስቀመጡ ነው። በር የሚጠብቅ ማሽን ላይ ሌላ ፕሮግራም ባነሰ ቁጥር የሚጠቃበት ቀዳዳም ያንሳል።

ስለ እቃው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኦፕንሴንስና ፒኤፍሴንስ 64 ቢት ፕሮሰሰር ይፈልጋሉ፤ ከኢንቴል የኔትወርክ ካርዶች ጋርም ይበልጥ ይስማማሉ። ኦፕን ደብሊውአርቲ ለትንንሽ ሳጥኖች የተሠራ ስለሆነ የአሮጌ ኮምፒውተር አቅም ይተርፈዋል። መታሰብ ያለበት መብራቱ ነው። 60 ዋት የሚወስድ አሮጌ ዴስክቶፕ ቀንና ሌሊት ሲሠራ በዓመት ወደ 525 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ 10 ዋት የሚበቃው አዲስ ሚኒ ኮምፒውተር ከ90 አያልፍም። ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ በዚህ ረገድ ጥሩ ምርጫ ነው። ጥቂት ይወስዳል፣ መብራት ሲጠፋም ባትሪው ይይዘዋል፤ ሁለተኛው መሰኪያ በዩኤስቢ አስማሚ ይጨመራል፣ ለዚያም ኦፕን ደብሊውአርቲ ይመረጣል። ባትሪው ማበጥ ከጀመረ ግን ወዲያው መውጣት አለበት። ዴስክቶፕ ከሆነ ሞደሙንም ጭምር የሚይዝ አነስተኛ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ባዮሱ ውስጥም መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሳ ማዘዝ ይገባል፤ አለዚያ መብራት በጠፋ ቁጥር ቤተሰቡ ቁልፍ የሚጫን ሰው ይፈልጋል።

ዋይፋዩን ለኮምፒውተሩ ካርድ ከመስጠት የድሮውን ራውተር ማስተላለፊያ ማድረግ ይቀላል። አድራሻ የማደል ሥራው ይዘጋል፣ የራሱ አድራሻ ከቤቱ ኔትወርክ ጋር ወደሚስማማ ይቀየራል፣ ኬብሉ ወደ ሞደም በሚሄደው መሰኪያ ሳይሆን ከተራዎቹ መሰኪያዎች በአንዱ ይገባል። በመጨረሻም የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ይቀየራል፣ የማስተካከያው ፋይል በፍላሽ ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ቢሞት ያንን ፋይል ተመሳሳይ ሶፍትዌር በተጫነበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ፣ የኔትወርክ ካርዶቹን ስም አስተካክሎ መቀጠል ይቻላል፤ እስከዚያው ሞደሙን ከብሪጅ መልሶ ቤቱን በቀድሞው አሠራር ማቆየት ይቻላል።