የስበት ሞገድ ፍለጋ ለወልድያ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሩቅ ርዕስ አይደለም

ፈጣን የራዲዮ ብልጭታ በሚሊሰከንዶች ውስጥ ታይቶ የሚጠፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ ጋላክሲ የሚመጣ ምልክት ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ከሆነ ወዲህ ምንጩ ሲያከራክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2020 በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ካለ ማግኔታር ተመሳሳይ ብልጭታ መመዝገቡ ከፊል መልስ ሰጥቷል። ከብልጭታዎቹ አንዳንዶቹ ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ሲዋሐዱ ይፈጠሩ እንደሆነ ለማወቅ ግን በብልጭታው ሰዓት አካባቢ የስበት ሞገድ መፈለግ ያሻል።

የላይጎ፣ የቪርጎና የካግራ ተመራማሪዎች የካናዳው ቻይም ቴሌስኮፕ በ2019 ለመዘገባቸው ብልጭታዎች ይህንኑ ፍለጋ አካሂደው አሳማኝ ምልክት አላገኙም። በ2023 ሌሎች ተመራማሪዎች ኤፕሪል 25 ቀን 2019 የተመዘገበውን የኒውትሮን ኮከቦች ውሕደት ከ2.5 ሰዓት በኋላ ከደረሰ ብልጭታ ጋር አዛመዱት። በአጋጣሚ የመገጣጠሙ ዕድል ከ200 አንድ ገደማ ነው ተባለ። ቁጥሩ ያማልላል፤ ነገር ግን ውሕደቱ በዋናነት በአንድ መመልከቻ ብቻ ስለተመዘገበ የመጣበት አቅጣጫ የሰማዩን አንድ አምስተኛ ያህል ይሸፍናል። ከውሕደቱ የተወረወረው ቁስ በዚያ አጭር ጊዜ ሳስቶ የራዲዮ ሞገድ ማሳለፉም አጠራጣሪ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ክርክር መድኃኒቱ የፍለጋውን የጊዜ ወሰን መረጃው ከመታየቱ በፊት መወሰን ነው።

ሥነ ፈለክ ሲባል በአገራችን ቶሎ የሚታሰበው በእንጦጦ ያሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ናቸው። ይህ ጥናት ግን ቴሌስኮፕ አይጠይቅም። የመመልከቻዎቹ የ2019 መረጃም ሆነ 536 ብልጭታዎችን የያዘው የቻይም የመጀመሪያ ዝርዝር ለማንም ክፍት ነው። የአንድ መመልከቻ የአንድ ሰዓት መረጃ ከመቶ ሜጋባይት ብዙም አይርቅም፤ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት በወልድያም ሆነ በሐብሩ ወረዳ መርሳ ከተማ በሌሊት ሊወርድ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ክፉኛ ለተጎዳው ለወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከተዘረፈ መሣሪያ ጋር ያልተያያዘ የምርምር መስክ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚበልጠው እንቅፋት ከገምጋሚ ሊመጣ ይችላል። «ምልክት አልተገኘም» የሚል የመመረቂያ ጽሑፍ እንዳላለቀ ሥራ ከታየ ተማሪው ደካማውን ጫጫታ ግኝት ብሎ ለማቅረብ ይገፋፋል። ስለዚህ ኮሚቴው የጊዜ ወሰኑን በንድፈ ሐሳብ ግምገማ ላይ ያጽድቅ፤ በመከላከያው ዕለትም ውሕደት አልነበረም ሊባል የሚችለው እስከ ምን ርቀት እንደሆነ ይጠይቅ። ለመጀመሪያ ሥራ የሚሻለው የመነጨበት ጋላክሲ የታወቀ ቅርብ ብልጭታ ነው፤ የሌሎቹ ርቀት ከምልክቱ መበተን ብቻ ስለሚገመት ስሕተቱ ሰፊ ነው።