ከሶፍትዌሩ በፊት ቅጹ፦ ስለ አነስተኛ የታፔላ ሥራ ቤቶች የዋጋ ግምት

ፕሮፎርማ በአገራችን የንግድ ልማድ ትልቅ ሥልጣን ያለው ወረቀት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ታፔላ ለማሠራት ወይም ባነር ለማሳተም ሲፈልግ፣ በዋጋ ማቅረቢያ በሚፈጸም ግዥ ቢያንስ ከሦስት አቅራቢዎች ዋጋ ይሰበስባል። በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ከተሞች ለሚገኝ አነስተኛ የታፔላና የኅትመት ሥራ ቤት፣ በዚያች አንድ ገጽ ላይ የሚሰፍረው አኃዝ የወሩን ትርፍና ኪሳራ ይወስናል። አኃዙ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «በካሬ ይህን ያህል ነው» የሚል ነው። በእኔ እምነት ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። መፍትሔውም ብዙዎች እንደሚያስቡት ሶፍትዌር መግዛት አይደለም፤ በአግባቡ የተሰናዳ አንድ ቅጽ ነው።

የካሬ ዋጋ የሚያሳስትበትን ምክንያት በምሳሌ እንመልከት። ደንበኛው ወርዱ 1.10 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ባነር አዘዘ እንበል፤ ስፋቱ 2.2 ካሬ ሜትር ነው። በሥራ ቤቱ ያለው ጥቅል ወርዱ 1.60 ሜትር ከሆነ ግን ከጥቅሉ የሚቆረጠው 3.2 ካሬ ሜትር ነው። ቁራጩ ለሌላ ሥራ ካልዋለ፣ ባለሙያው ዋጋ ካስከፈለበት 45 በመቶ የሚበልጥ ዕቃ ፈጅቷል ማለት ነው። በታፔላ ሥራ ደግሞ ላሜራው፣ ቱቦላሬው፣ ቀለሙ፣ ብየዳው፣ ማጓጓዣውና ተከላው አሉ፤ እነዚህን በአንድ የካሬ ዋጋ መጠቅለል አይቻልም።

የጉልበት ዋጋም እንዲሁ ነው። የቤት ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራትና የማሽን እርጅና ተደምረው በወር 60,000 ብር ቢሆኑ፣ ሦስቱ ሠራተኞችም በድምሩ 480 ሰዓት በሥራ ቦታ ቢገኙ፣ የአንዱ ሰዓት ወጪ 125 ብር ይመስላል። ሆኖም መብራት የጠፋበት፣ ዕቃ የተጠበቀበትና ደንበኛ የተስተናገደበት ጊዜ ተቀንሶ ለሥራ የዋለው 300 ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ እውነተኛው ወጪ 200 ብር ነው። በ125 ብር የገመተ ሥራ ቤት ልዩነቱን ከኪሱ ይሸፍናል።

ሁለት የስሌት ስሕተቶችም ተደጋግመው ይታያሉ። የመጀመሪያው በወጪ ላይ 30 በመቶ መጨመርን 30 በመቶ ማትረፍ አድርጎ መቁጠር ነው፤ 10,000 ብር የፈጀ ሥራ በ13,000 ብር ቢሸጥ፣ ትርፉ ከሽያጩ 23 በመቶ ብቻ ነው። ሁለተኛው የተጨማሪ እሴት ታክስን በግልጽ አለመለየት ነው። ለታክሱ የተመዘገበ ሥራ ቤት 10,000 ብር ብሎ ሲጽፍ 15 በመቶው «ተካቷል» ወይም «አልተካተተም» ካላለ፣ ገዢው እንደተካተተ ቆጥሮት 1,304 ብር ያህል ከአቅራቢው ገቢ ሊወጣ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። ባነሩ፣ ስቲከሩ፣ አክሪሊኩና ቀለሙ በአብዛኛው ከውጭ አገር ገብተው፣ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ የዓባይን በረሃ ተሻግረው ይደርሱናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያ ሰሞን የአገልግሎት ዘመኑ ያልተገለጸ ፕሮፎርማ ሰጥቶ ከወር በኋላ «አሸንፈሃል» የተባለ ባለሙያ፣ ያሸነፈው ዕዳ ነበር። «ይህ ዋጋ ለአሥር ቀናት ብቻ ይጸናል» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ከማንኛውም ውድ ፕሮግራም ትበልጣለች።

ታዲያ ሶፍትዌሩስ? ለታፔላ ሥራ ቤቶች ተብለው የተዘጋጁ እንደ ሾፕቮክስ ያሉ የግምት ፕሮግራሞች በዓለም ገበያ አሉ። ይሁን እንጂ ክፍያቸው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ በበይነ መረብ የሚሠሩትም ግንኙነት ሲቋረጥ ይቆማሉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንዘነጋም። በሒሳብ አያያዝ ትምህርት የምናውቀው ፒችትሪም ዋና አገልግሎቱ የተፈጸመን ግብይት መመዝገብ ነው፤ ግምት ግን ከሥራው በፊት የሚደረግ ውሳኔ ነው። ኤክሴል ለዚህ የተሻለ ቅርበት አለው፤ ቢሆንም ባዶው ሰንጠረዥ ምን መሞላት እንዳለበት አይነግርም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። በመጀመሪያ አንድ ገጽ የአማርኛ ቅጽ ይዘጋጅ፦ የሥራው ልክ፣ ከጥቅሉ የሚቆረጠው ዕቃ፣ የሥራ ሰዓት፣ ማጓጓዣና ተከላ፣ ትርፍ፣ ታክስ፣ ቅድመ ክፍያና ዋጋው የሚጸናበት ቀን ይስፈርበት። በቀኝ ጠርዙ ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚሞላ «በትክክል የወጣው» የሚል ዓምድ ይኑረው። የቅጹ ነፍስ ይህ ዓምድ ነው፤ ግምትን ከእውነት ጋር የሚያስታርቀው እርሱ ብቻ ነውና። አርባ ያህል ሥራዎች በዚህ መንገድ ሲመዘኑ ቅጹ ወደ ኤክሴል ይሸጋገር። የሚገዛ ፕሮግራም የሚታሰበው ኤክሴሉ ሲጠብ ነው።

«በዚህ ዘመን ወረቀት ኋላ ቀርነት ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። በአንድ በኩል እውነት አለው፤ በሰኔ ወር መሥሪያ ቤቶች በጀት ለመዝጋት ሲጣደፉ፣ በቀን ብዙ ፕሮፎርማ የሚጠየቅ ባለሙያ ፍጥነት ያስፈልገዋል። ዳሩ ግን ያልታወቀ ወጪን ኮምፒዩተር ላይ መጻፍ ስሕተቱን ያፈጥነዋል እንጂ አያርመውም። በተጨማሪም ዋጋው በባለቤቱ ጭንቅላት ብቻ በሚኖርበት ሥራ ቤት፣ ባለቤቱ የታመመ ዕለት ሥራው አብሮ ይታመማል፤ ቅጹ ግን ረዳቱም እንዲገምት፣ ተለማማጁም እንዲማር ያደርጋል።

ለእኛ ለተመራማሪዎችም የሚተርፍ ነገር አለ። የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞችን ዕድገት የሚወስኑ ምክንያቶች እያልን መጠይቅ መበተን ለምደናል፤ «የገበያ ችግር አለብዎት? በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ…» እያልን እንሞላለን። ባለሙያው ግን ጊዜውን ሰጥቶን ሲያበቃ እጁ ላይ የሚቀርለት ነገር የለም። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከሦስት ሥራ ቤቶች ጋር ተቀምጦ ቅጹን ቢነድፍ፣ ለስድስት ወራት ግምቱንና እውነተኛ ወጪውን ቢያነጻጽር፣ ለጥናቱ በቃል ከተሞላ መጠይቅ የተሻለ መረጃ ያገኛል፤ ለሥራ ቤቱም የሚሠራበት መሣሪያ ትቶለት ይሄዳል። በዩኒቨርሲቲያችን መግቢያ የሚተከለውን ታፔላ የሚሠራው ሰው ስንት እንደወጣበት ቢያውቅ፣ ከምርምራችን ፍሬ አንዱ እርሱ በሆነ ነበር።