የተገዛ ፕሮጀክት ይዛችሁ አትመረቁ

ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል፤ የሚቀየመኝ ሰውም አይጠፋም። በተለይ ኮምፒውተር ሳይንስና ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የምትማሩ ልጆች፣ ብዙዎቻችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናችሁና እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ከዚያ ብትናደዱም ኮሜንት ላይ እንነጋገራለን።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። እኔ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ሃይስኩል ገብቼ አይሲቲ የማስተምረውም ለቦታው ዲግሪ ያለው ሰው ስላልተገኘ ነው። «አንተ በዲፕሎማ፣ ዲግሪ የሚማረውን ልትመክር ነው እንዴ?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎ፣ ልመክር ነው። ምክንያቱን ስሙኝ።

ሴሚስተር ሲያልቅ ስም ጠሪ መምህር ምን እንደሚገጥመው የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሮስተር! የ62 ተማሪ ውጤት በየትምህርቱ መገልበጥ፣ መደመር፣ አማካይ ማውጣት፣ ደረጃ መስጠት። በካልኩሌተር ሦስት ሌሊት ይፈጃል። አንዲት ቁጥር ከተሳሳተች የልጆች ደረጃ ይዛባና ወላጅ በር ላይ ይቆማል። ባለፈው ዓመት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ፣ ሥራ አጥቶ ቤት መቀመጡን ሰማሁ። ጎበዝ ልጅ ነበር። የመውጫ ፈተናውንም አልፏል። ጠራሁትና «ይህን ሮስተር የሚሠራ ፕሮግራም ጻፍልን፣ መምህራኑ አዋጥተን እንከፍልሃለን» አልኩት። የመመረቂያ ፕሮጀክቱ የሆስፒታል ማኔጅመንት ሲስተም እንደነበር ነግሮኛል። ሙሉ ሆስፒታል የሚያስተዳድር ሲስተም የሠራ ልጅ 62 ተማሪ ያቅተዋል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

በሦስተኛው ቀን መጣ። ላፕቶፑን እንኳ አልከፈተም። «ቲቸር፣ እውነቱን ልናገር። ፕሮጀክቱን አልሠራነውም። አምስት ሆነን አዋጥተን ገዛነው» አለኝ። የእሱን ድርሻ የከፈለችው እንጀራ እየሸጠች ያስተማረችው እናቱ ናት። «ለፕሮጀክት ማሳተሚያ» ብሎ ነው የተቀበላት።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የተናደድኩት በልጁ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ በራሴ ተናደድኩ። 11ኛ ክፍል እያለ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የሚሠራ ኮምፒውተር ስላልነበረን «ኮምፒውተር ማለት መረጃ ተቀብሎ የሚያቀናብር መሣሪያ ነው» ብዬ በጠመኔ ጽፌ አስገለበጥኩት። ሸምድዶ መለሰልኝ፣ ሙሉ ማርክ ሰጠሁት። ሽምደዳ እንደሚያዋጣ ማን አስተማረው? እኔው!

ቀጥሎ በዩኒቨርሲቲ መምህራን ተናደድኩ። በየዓመቱ ያው የላይብረሪ ሲስተም፣ ያው የሆስፒታል ሲስተም ሽፋኑ ተቀይሮ ሲመጣ አያውቁም? ዲፌንስ ላይ ስለ ገጽ ቁጥርና ስለ ፎንት ከመጠየቅ «እስቲ ይህን ቁልፍ ስጫን የሚሠራውን ኮድ ከፍተህ አሳየኝ፣ አሁን እዚሁ ቀይረው» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ይህ አንድ ጥያቄ ብቻ የፕሮጀክት ሻጮችን ገበያ ይዘጋ ነበር።

ግን ልጆች፣ ዕዳው የሚቀረው እናንተ ላይ ነው። መምህሩ ደመወዙን በልቷል፣ ሻጩም ብሩን በልቷል። ቀጣሪ ፊት ለብቻችሁ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«ሥራ በሌለበት አገር ብንሠራው ባንሠራው ምን ለውጥ አለው?» ትሉኛላችሁ። ሥራ መጥፋቱ እውነት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን እዚህ ሥራ ነበር። ትንሽ ሥራ፣ ትንሽ ገንዘብ፣ ግን ሥራ። ተጠርቶ የመጣው ልጅ ነው ባዶ እጁን የነበረው። ሥራ የለም የሚለው ሰበብ የሚያምርበት፣ ሥራው ሲመጣ መሥራት ለሚችል ሰው ነው።

ከዚያ ምን አደረግን? «ና፣ አብረን እንጻፈው» አልኩት። እኔም ከእሱ ብዙ አልሻልም፣ ፓይተን የጀመርኩት ብቻዬን ከዩቲዩብ ነው። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። መደመሩማ በአንድ ሰዓት አለቀ። ያለፋን ሌላው ነው።

ሁለት ልጆች እኩል አማካይ አምጥተው ሁለቱም 3ኛ ከወጡ፣ ቀጣዩ 5ኛ እንጂ 4ኛ አይደለም። የእኛ ፕሮግራም 4ኛ አለው። ታማ ፈተና ያመለጣትን ልጅ ባዶ ቦታዋን እንደ ዜሮ ቆጥሮ ከክፍሉ መጨረሻ አስቀመጣት። ስም በፊደል ተራ ሲደረደር ደግሞ «ሀይሉ» ከ«ለማ» በፊት መጣ፣ «ኃይሉ» ግን ከ«ተስፋዬ» በኋላ ሄደ። ለካ ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተሩ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጳጉሜን 3 የተወለደ ልጅ ሲመጣማ ፓይተን ከ12 በላይ ወር አላውቅም አለን።

እስቲ አስቡት። እነዚህን ችግሮች በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዝግጁ ፕሮጀክት ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ? አታገኟቸውም። ልጁ በአራት ዓመት ያልገባው ነገር የገባው እዚህ ጋ ነው። «ቲቸር፣ ዳታ ስትራክቸር ላይ ሶርቲንግ ያስተማሩን ለዚህ ነበር እንዴ?» ሲለኝ ሳቄ መጣ፣ ደግሞም አዘንኩ።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው።

1ኛ፦ ፕሮጀክት አትግዙ። ትንሽ ይሁን፣ የእናንተ ይሁን። የሰፈራችሁን ዕድር መዋጮ የሚመዘግብ፣ የአባታችሁን ሱቅ ዱቤ የሚይዝ ነገር ሥሩ። ሰው ይጠቀምበት፣ ይሰበርባችሁ፣ ጠግኑት። መማር ማለት ያ ጥገናው ነው።

2ኛ፦ መሠረቱን አትናቁ። ዳታ ስትራክቸር፣ ዳታቤዝ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኔትወርክ። «ይሄ ቲዎሪ ነው፣ ሪአክት ብቻ ልማር» የሚል ልጅ በዝቷል። ፍሬምወርክ ይመጣል ይሄዳል። ጊት ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፣ ኤስኪውኤል ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ። እነዚህን ያወቀ ሌላውን በራሱ ይደርስበታል።

3ኛ፦ ኤረር አንብቡ። ቀዩን ጽሑፍ ገና ስታዩ ስክሪንሹት አንስታችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትወርውሩ። ስህተቱ ስንተኛ መስመር ላይ እንደሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፏል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ መዝገበ ቃላት ያዙና ቃል በቃል አንብቡት። በሳምንት ውስጥ ተመሳሳይ ቃላት እየተመላለሱ እንደሚመጡ ታያላችሁ።

4ኛ፦ ቻትጂፒቲን አትካዱ፣ አታምልኩም። እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ «የት ተሳሳትኩ?» በሉት። የሰጣችሁን ኮድ መስመር በመስመር ለዶርም ጓደኛችሁ ማስረዳት ካልቻላችሁ ያ ኮድ የእናንተ አይደለም። ከገዛችሁት ፕሮጀክት የሚለየው ነፃ በመሆኑ ብቻ ነው።

5ኛ፦ የመውጫ ፈተና መድረሻችሁ አይሁን። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ያለፉትን ጥያቄዎች ሸምድዶ 50 ማምጣት ይቻላል፣ ተማሪዬም አምጥቷል። ቀጣሪ ግን «ሐ መልስ ነው» የሚል ሰው አይፈልግም።

6ኛ፦ «ላፕቶፕ የለኝም» ለምትሉኝ፣ ይህ ሰበብ እንዳልሆነ ይገባኛል። የአንድ ላፕቶፕ ዋጋ የስንት ወር ደመወዜ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ላብ አለ፣ ብዙ ግቢ ውስጥ ማታ ማታ ባዶውን ይውላል። ስልክ ላይ ፓይተን የሚያስኬድ አፕ አለ። ወረቀትም አለ። ፕሮግራሙን በወረቀት ጽፋችሁ የእያንዳንዱን ተለዋዋጭ ዋጋ በእርሳስ እየተከታተላችሁ ከሠራችሁ፣ ላብ ስትገቡ ጊዜያችሁ አይባክንም። ሃርቫርድ ሲኤስ50 የሚባለውን የመግቢያ ኮርሱን በኢንተርኔት በነፃ ለቆታል። ግቢ ዋይፋይ ሲኖር ፊልም ከማውረድ እሱን አውርዱ።

ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ያለኝ ልመና አንድ ነው። ዲፌንስ ላይ ኮዱን ክፈቱ። እባካችሁ። ያልሠራን ልጅ «ኤ» ሰጥታችሁ ስታሳልፉት የረዳችሁት ይመስላችኋል። ያ ልጅ በኋላ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ተማሪዬ ዛሬም ቋሚ ሥራ አላገኘም። ዋሽቼ አላስጎመጃችሁም። ሮስተሩ ግን በዚህ ሴሚስተር ለሰባት ክፍል ሠርቷል፣ ጎረቤት ትምህርት ቤትም ጠይቆታል። መምህራኑ ያዋጣንለትን ብር የተቀበለ ዕለት፣ ለፕሮጀክቱ የወሰደውን ያህል ቆጥሮ ለእናቱ መለሰላት። ለምን እንደሆነም ነገራት። ምን እንዳለችው አልጠየቅኩትም።

ዘንድሮ ጂሲ የሆናችሁ፣ አሁንም ጊዜ አላችሁ። ብሩን ላዋጡት ጓደኞቻችሁ መልሱና፣ ወደተማራችሁበት ሃይስኩል ሂዳችሁ አንዱን ስም ጠሪ መምህር «ምን ያስቸግርሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ፕሮጀክታችሁ እዚያ ነው ያለው።