የማጥበቂያ ቁጥር ከነመለኪያው ይነገር

የእርሻ ምርት እድገት በመሬቱ፣ በዘሩና በማዳበሪያው ብቻ ሳይሆን፣ ማሳውን በሚያርሰው ትራክተርና ምርቱን በሚያመላልሰው የጭነት መኪና ደህንነት ጭምር የሚወሰን መሆኑ የታወቀ ነው። ይህ ደህንነት ደግሞ በአግባቡ ባልጠበቀ አንድ ብሎን ሊናጋ ይችላል።

አየር ጤና አዲስ አበባን ከሰበታ፣ ከወሊሶ፣ ከወልቂጤና ከጅማ ጋር በሚያገናኘው መንገድ ላይ የሚገኝ የከተማው ደቡብ ምዕራባዊ በር ነው። ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ገጠር የሚወጣውም ሆነ እህልና ቡና ጭኖ ወደ ከተማ የሚገባው መኪና በዚሁ ያልፋል። በዚህ መንገድ ዳር ያለ መካኒክ እጅ የሚገቡት መሣሪያዎች ግን የአንድ አገር ሥራ አይደሉም። የማሴይ ፈርጉሰን የቆዩ መጻሕፍት ማጥበቂያውን በፉት ፓውንድ ይናገራሉ። በሶቪየት ኅብረት ይሠራ የነበረውና በናዝሬት (አዳማ) ፋብሪካም ሲገጣጠም የኖረው ቤላሩስ ትራክተር የቆየ መጽሐፍ የሚጠቀመው በኪሎግራም ሜትር ነው። አዳዲሶቹ መጻሕፍት ደግሞ ኒውተን ሜትርን ይዘዋል።

ቶርክ ማለት መፍቻው ብሎኑን የሚጠመዝዝበት ኃይል ሲሆን፣ መጠኑ የሚገኘው በመፍቻው ጫፍ ላይ ያረፈው ግፊት በመፍቻው ርዝመት ሲባዛ ነው። አንድ ሜትር በሚረዝም አግድም መፍቻ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ቢንጠለጠል 10 ኪሎግራም ሜትር፣ ማለትም 98 ኒውተን ሜትር ያህል ይሆናል። ፓውንድ 0.4536 ኪሎ፣ ፉት 0.3048 ሜትር ስለሆነ፣ 1 ፉት ፓውንድ 1.356 ኒውተን ሜትር ነው። እንግዲህ ፉት ፓውንዱን በ1.356፣ ኪሎግራም ሜትሩን በ9.81 ያባዛ ሰው ኒውተን ሜትሩን ያገኛል።

መለኪያው ሳይታወቅ ቁጥሩ ብቻ ሲያዝ ምን እንደሚደርስ ማየት አያዳግትም። መጽሐፉ የጎማውን ዳዶ 200 ፉት ፓውንድ አጥብቅ ሲል 271 ኒውተን ሜትር ማለቱ ነው። መካኒኩ የቶርክ መፍቻውን 200 ኒውተን ሜትር ላይ ቢያደርግ ከሩብ በላይ ይጎድላል፤ ዳዶው በኮረኮንች መንገድ ይላላል፣ ጎማውም ሊወልቅ ይችላል። በተቃራኒው 100 ኒውተን ሜትር የተባለው የቴስታታ ብሎን 100 ፉት ፓውንድ ቢጠብቅ 136 ይደርሳል፤ ብሎኑ ይሳባል ወይም ጥርሱ ይበላል። በኢንች ፓውንድ የተጻፈውን ፉት ፓውንድ ነው ብሎ ያጠበቀ ደግሞ ከታዘዘው 12 እጥፍ ይሄዳል።

ይህ ስህተት ያልተማረ ሰው ብቻ የሚሠራው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ መንኮራኩር ማርስ ደርሳ የጠፋችው አንዱ ወገን በፓውንድ ያሰላውን ግፊት ሌላው በኒውተን የተሰላ መስሎት ስለ ተጠቀመበት ነበር።

አንዳንድ ነባር መካኒኮች «እጄ ያውቀዋል» ይላሉ። የልምድ እጅ ክብር የሚገባው ነው፤ ነገር ግን መፍቻው ላይ ቱቦ ሲቀጠል ርዝመቱ ስለሚጨምር የለመደው እጅ ራሱ ይታለላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በችኮላ የጠበቀው ብሎን የሚፈታው ሥራው በበረታ ጊዜ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ጋራዥ ሦስቱን መለኪያዎች የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ በግድግዳው ላይ በቀለም ቢጽፍ ይበጃል። ትራክተር የሚገዙ ወይም የሚከራዩ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ዋና ዋናዎቹ የማጥበቂያ ቁጥሮች ከነመለኪያቸው በአካባቢው ቋንቋ ተጽፈው እንዲሰጧቸው መጠየቅ አለባቸው። የሙያ ማሠልጠኛዎችም ጉዳዩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን መፍቻ አስይዘው ሊፈትኑበት ይገባል።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጣሳ ቀለምና ጥቂት ጥንቃቄ ነው። ለገበሬው ግን የሰኔ ዝናብ በወረደ ማግስት ትራክተሩ ማሳ ላይ ከሚቆም ሁሉም ይቀላል፤ ዝናቡ መለዋወጫ እስኪመጣ አይጠብቅምና።