«አንተ» ከተባሉ አዛውንት እስከ አስተርጓሚዋ ልጅ


ይህን እትም የሰጠነው በሐኪምና በታካሚ መካከል ላለው ንግግር ነው። መነሻችን «ባህላዊ ትሕትና» የተሰኘው ሐሳብ ነው። ሜላኒ ቴርቫሎንና ጃን መሪ ጋርሲያ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ የሌላውን ባህል አጥንቶ መጨረስ እንደማይቻል፣ ባለሙያው ዕድሜ ልኩን ራሱን እየመረመረ ከታካሚው መማር እንዳለበት ተከራከሩ።

ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው። አንዲት እናት «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲሉ ጨጓራቸውን ማለታቸው ሊሆን ይችላል፤ «ምች መታኝ» ሲሉም እንዲሁ የሚጠየቅ ነገር አለ። «የቱ ጋ ነው እናቴ? መቼ ጀመረዎት?» ብሎ ያልጠየቀ ሐኪም ምርመራውን ገና አልጀመረም። ጸበል የገባ ሰውም መድኃኒቱን ማቋረጡን የሚናገረው እንደማይቆጡት ሲያምን ብቻ ነው። አዛውንትን «አንተ፣ ና እዚህ ተኛ» ለማለትስ የሥራ ብዛት ሰበብ ሊሆን አይገባም።

ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ቃሉ ወደ ተግባር እንዲለወጥ አጥብቀን እንጠይቃለን።

ባለሙያዎች በዚህ እትም ታካሚን የማዳመጥ ልምዶችን ታገኛላችሁ። ታካሚዎች ሳትፈሩ የምትጠይቁትን ታውቃላችሁ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጓት፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ሕጋዊ ግዴታ አለበት።