ለስኳር በሽታም ክበብ ያስፈልገናል

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኛ ተማሪ በነበርንበት ጊዜ ጸረ ኤድስ ክበብ የሌለው ትምህርት ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። በሰልፍ ሰዓት ግጥም ይነበባል፣ በሚኒ ሚዲያ ድራማ ይቀርባል፣ ማታ ደግሞ የሰማነውን ቤት ወስደን ለእናት ለአባት እናወራለን። ስለ ኤች አይ ቪ ማውራት ነውር በነበረበት ስንት ቤት ወሬውን ይዘው የገቡት ልጆች ናቸው! ታዲያ ለስኳር በሽታ ይሄ ለምን ይቅር?

አንዱ ምክንያት "ስኳር የሀብታም በሽታ ነው" የምትለዋ ወሬ ትመስለኛለች። እስቲ አቃቂ ቃሊቲን እዩ። ሰፈራችን የፋብሪካና የከባድ መኪና ሰፈር ነው። ሾፌሩ ከጅቡቲ ቃሊቲ እስኪደርስ መሪ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ እንቅልፍ ለማባረር ጫት፣ ከጫቱ ጋር ለስላሳ። ይሄ ሰው ሀብታም ነው? ዓይነት 2 የሚባለው ስኳር የሚመጣው በውፍረት፣ እንቅስቃሴ በማጣት፣ በአመጋገብ፣ በዘርም ጭምር ነው። ኪስ አይቶ አይመርጥም።

የሂሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ በቁጥር ልናገር። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ይሻገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአዋቂ በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ይመክራል። ሻዩን ሳንቆጥር አንዷ ጠርሙስ ብቻ 25ን አለፈች ማለት ነው።

ልጆች ላይ የሚበዛው ዓይነት 1 ግን ሌላ ነው፤ ጣፋጭ በመብላት አይመጣም። ልጁ ቶሎ ቶሎ ይሸናል፣ ውሃ አይጠግብም፣ እየበላ ይከሳል። "ቡዳ ነው" እየተባለ ቀን ሲባክን ሕይወት ያልፋል። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ኢንሱሊኑን ግን አንድ ቀንም እንዳያቋርጥ።

መምህራን ጓደኞቼ፣ ይቺን ያዙልኝ፦ ኢንሱሊን የሚወጋ ተማሪ ክፍል ውስጥ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው፣ ንግግሩ ከተምታታ "ሊረብሽ ነው" አትበሉ። ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። እዚህ ጋ ያቺው የወቀስናት ለስላሳ መድኃኒት ናት፤ መዋጥ ከቻለ ወዲያው ይጠጣ። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም ሳትጨምሩ ወደ ሐኪም ቤት አሩጡት። ሽንት ቤት ልሂድ ሲልም አትከልክሉት።

የዓለም የስኳር በሽታ ቀን ኖቬምበር 14፣ በእኛ ኅዳር 5 አካባቢ ይውላል። ቀኑ የተመረጠው በ1921 ኢንሱሊንን ካገኙት ሰዎች አንዱ የሆነው ፍሬድሪክ ባንቲንግ የተወለደበት ስለሆነ ነው። እኔ የምለው፣ ያን ቀን በየትምህርት ቤታችን ሰልፍ ላይ አሥር ደቂቃ ይሰጠው። ሚኒ ሚዲያው አለ፣ የባዮሎጂ መምህሩ አለ፣ ጤና ጣቢያውም ቅርብ ነው። የቤት ሥራው አንድ ብቻ ይሁን፦ "አባዬ፣ እማዬ፣ ስኳራችሁን ተለኩ።" በባዶ ሆድ ተለክቶ 126 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ በድጋሚ ያረጋግጥ። በዓለም ላይ ስኳር ካለባቸው 10 አዋቂዎች 4ቱ ገደማ እንዳለባቸው አያውቁም። ሳይታወቅ የቆየ ስኳር ዓይን፣ ኩላሊትና እግር ላይ ነው የሚወጣው።

ክበቡን ለመጀመር ፈቃደኛ የሆነ መምህር ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ለአንድ ሾፌር ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።